ጣና ላይ ደላላው ያልነገረኝ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ልቤ ዝሎ ነው። ባሕር ዳር መድረሱም፣ ማረፊያ ማግኘቱም አላስቸገረኝም። ያንገበገበኝ ጀልባው ነው።

ሐይቁ ዳር አንድ ደላላ «እህቴ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ገዳም አሳይሻለሁ» አለኝ። ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እያለ ደረደረልኝ። ብሩን ሙሉውን ተቀበለ። ነጠላዬን አጣፍቼ ተሳፈርኩ።

ክብራን ስንደርስ ወንዶቹ ወረዱ። ልከተላቸው ስነሳ ጀልባ ነጂው፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «እህቴ፣ እዚህ ሴት አይገባም» አለኝ።

በገዳሙ ሥርዓት ቅር አላለኝም። ግን ደላላው ብሬን ሲቆጥር ወንድ መስዬው ነበር? ነጂው «እኔ ነጂ ብቻ ነኝ» አለ። ጎረቤት ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴት ይቀበላል፤ እስከዚያ ላድርስሽ ያለኝ ግን የለም። ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ተቀመጥኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው አጠገቤ ሲያልፍ «ምነው፣ ተቀጣሽ እንዴ?» አለኝ። ዑራ ደግሞ ገና ቀና ብዬ ሥዕሉን ሳላይ «ቶሎ በሉ፣ ነፋስ ይነሳል» ተባልን። ስመለስ ደላላውን ያዝኩት። «ከሩቅ አየሽው አይደል?» ብሎ ሳቀ። እስካሁን ያበግነኛል።

በማግስቱ በሕዝብ ጀልባ ብቻዬን ዑራ ወዳለበት ዜጌ ሄድኩ። ዜጌ መሬት አይታረስም፤ ሥርዓቱን ያቆሙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ደኑ እስከዛሬ የቆየው፣ ቡናውም ከጥላው ሥር የሚበቅለው በዚያ ነው። የዑራን መቅደስ ዙሪያውን ሥዕል በሥዕል እያየሁ ዞርኩት፤ የሚያጣድፈኝ አልነበረም። አንዲት እናት «ልጄ፣ አረፍ በይ፣ ቡናው የጓሮ ነው» አሉኝ። እስከ በረካው ጠጣሁ። ከአዲስ አበባ ፍለጋ የወጣሁለትን ደስታ ያገኘሁት እዚያ በርጩማ ላይ ነው።

አስጎብኚዎች ገዳማቱንና ፏፏቴውን በአንድ ቀን ጨርሱ ይሏችኋል። አትስሟቸው። ለቀኑ አንድ ቦታ ይበቃል። ጢስ ዓባይን በመስከረም ወይም በጥቅምት እዩት፤ በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። የተረፋችሁን ጊዜ ሐይቁ ዳር አንድ ሻይ ቤት ለምዳችሁ ተቀመጡ። አስተናጋጇ «እንደ ትናንቱ?» ስትላችሁ ከተማው የእናንተ ሆኗል።

ሴቶች፣ ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ ለእኛ አይደሉም፤ ከዝርዝሩ አስወጧቸው። ጀልባ ጠዋት ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበል አለ። ግማሹን ብር ስትመለሱ ክፈሉ። «ቅድሚያ ሙሉውን» የሚል ካለ እለፉት፤ ጀልባ እንደሆነ ሞልቷል።