ቅባቱን ለማን ነው የሚተዉት?

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ክብደታቸው ከሁለት ኪሎ በታች የሆኑት እንዴት እንደሚያድጉ ይጠና ስለነበር ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ቅጹ የማይጠይቀው የለም፦ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ሰዓቱ፣ በቱቦ ወይስ በሲኒ፣ አስመለሰ ወይስ አላስመለሰም።

አንዲት ሕፃን ግን ግራ አጋባችን። ክብደቷ 1500 ግራም ነው። በየሁለት ሰዓቱ 20 ሚሊ ሊትር የእናቷን የታለበ ወተት በአፍንጫ ቱቦ ታገኛለች፤ ሲሰላ በቀን ለአንድ ኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ የሚጎድለው የለም። እንዲህ ዓይነት ሕፃን በቀን ለአንድ ኪሎ 15 ግራም ያህል እንድትጨምር ይጠበቃል። እሷ ግማሹን እንኳ አልጨመረችም። ኢንፌክሽን ተፈለገ፣ አልተገኘም። ሚዛኑ ተፈተሸ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ጣቱ ወደ እናትየዋ ዞረ፤ «ወተቷ ቀጭን ነው» ተባለ። ይህን አባባል አልወደውም። ምክንያት ባጣን ቁጥር ጥፋተኛ የምትደረገው እናት ናት።

ቀደም ሲል እናቶች ወተታቸውን በር ላይ አስረክበው ነበር የሚመለሱት። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን እናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስሮ ማቆየት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ የተጀመረ ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን የሚሰጠው ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሕፃናት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ግን፣ መረጋጋታቸው ሳይጠበቅ ወዲያው ከተወለዱ ጀምሮ እናት ደረት ላይ ማዋል ሞትን በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ለዚህ ደግሞ እናት ከልጇ ጋር እዚያው ክፍል ማደር ነበረባት። የእኛም በር የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

እናትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ አስራ ተቀምጣለች። ባልደረባዬ ከማቀዝቀዣ ያወጣችውን ወተት በሲሪንጅ ትቀዳለች።

«ሲስተር፣ ቅባቱን ለማን ነው የሚተዉት?» አለቻት።

ላም ያለበት ቤት ያደገች ሴት ናት። ያደረ ወተት ቅባቱ ከላይ እንደሚሰፍር ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋትም። የእናት ወተት ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ ያለው በቅባቱ ውስጥ ነው። ሲሪንጁ የሚስበው ከኩባያው ሥር ነበር። ከላይ የሰፈረው ቅባት የኩባያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ከዕቃው ጋር ይታጠባል፤ ቱቦውም የራሱን ድርሻ ያስቀራል። 20 ሚሊ ሊትሩ እውነት ነው፣ ቅጹም አልዋሸም፤ የትኛው 20 ሚሊ ሊትር እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ ብቻ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ያደረው ወተት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ በቀስታ ተወዝውዞ ከተዋሃደ በኋላ ይቀዳ ጀመር። እናትየዋ አጠገባችን ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ ትኩሱን አልባ ትሰጠናለች፤ እለባው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ወፍራም ወተት እንዳይቀርም እስኪያልቅ ታልባለች። የሕፃኗ ክብደት ወደሚጠበቀው ደረሰ። የክፍሉ ሐኪም ግን ቆጠብ አሉ፦ «አንድ ሕፃን ማስረጃ አይሆንም፤ ደረት ላይ የምትቆይበትም ሰዓት በዚያው ሰሞን ረዝሟል።» እውነታቸውን ነው።

ቅጹ ላይ «ከመቀዳቱ በፊት ተዋህዷል?» የሚል ዓምድ ሲጨመር ባልደረቦቼ አጉረመረሙ፤ የሚሞላው ነገር ቀድሞም በዝቶባቸው ነበር። እናቶቹ ግን ዓምዱን አልጠበቁም። ሲሪንጅ የያዘ ሰው ብቅ ሲል ኩባያውን ራሳቸው ወዝውዘው ያቀብሉ ነበር።