ለልጆችም ለቆቅም የሚሆን ውሻ፦ ከዳማ ጋር ያሳለፍኳቸው 14 ወራት

ባለፈው ቅዳሜ ጧት፣ ወሎ ውስጥ ካለችው ሐርቡ ወጣ ብሎ አዝመራው በተሰበሰበለት የማሽላ ማሳ ዳር፣ ውሻዬ ዳማ ክንፏ የተመታ ቆቅ ከቁጥቋጦ ውስጥ አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ቆቋ ዐይኗን ታርገበግብ ነበር። ላባዋ በለሃጩ ከመርጠቡ በቀር አንድም የጥርስ ምልክት አላገኘሁባትም። ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት። ይህችን አንዲት ቆቅ በሕይወቷ ለመቀበል 14 ወራት ፈጅቶብኛል፤ «ምን ዓይነት ውሻ ልግዛ?» እያሉ የሚጠይቁኝ የአካባቢዬ ወዳጆች ስላሉም ያለፍኩበትን መንገድ ከነስሕተቱ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በሕይወት መምጣቷ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ አስቀድሜ ልናገር። እኛ ቤት ያልታረደ አይበላም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ ወደ ማዕዳቸው አያቀርቡም። ስለዚህ ወፏን አንሥቶ ቢያመጣም በመንገድ ላይ በጥርሱ ጨርሷት የሚደርስ ውሻ ለእኛ ያመጣልን በክት ነው። ሌላ አገር ያሉ አዳኞች ለስላሳ አፍ ያለውን፣ ማለትም ያነሣውን በጥርሱ ሳይጫን የሚይዘውን ውሻ የሚፈልጉት ሥጋው እንዳይበላሽባቸው ነው፤ በወሎ ግን ጉዳዩ የመብላትና ያለመብላት ነው። ውሻ ስመርጥ ከዘሩም፣ ከመልኩም፣ ከፍጥነቱም በፊት አፉን ያስቀደምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዘር ብዙ አልልም። ወፍ አንሥቶ በማምጣት የታወቁት ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ናቸው። የላብራዶር ቅድመ አያቶች ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ዓሣ አጥማጆች ጋር በውኃ ላይ ይሠሩ የነበሩ ውሾች ሲሆኑ፣ ዘሩ ተስተካክሎ የውሻ ዘሮችን በሚመዘግበው የብሪታንያ ኬኔል ክለብ የታወቀው በ1903 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጎልደን ሪትሪቨር ደግሞ በስኮትላንድ ደጋ፣ በ1868 ከተወለዱ ቡችሎች የተነሣ ዘር ነው። ሁለቱም ከልጆች ጋር ገሮች ናቸው። ነገር ግን የጎልደን ረጅም ፀጉር በእኛ አገር ጭጎጎትና እሾህ ሲሞላ ማየት ያሳዝናል፤ ከአደን ውሎ በኋላ ሲለቅሙለት ማምሸትም አለ። ለቃሉና ለባቲ ቆላ አጭር ፀጉር ያለው ይሻላል ባይ ነኝ። ላብራዶርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሆዳም ነው፣ ቶሎ ይወፍራል፣ የዳሌው መገጣጠሚያ ችግርም በዘር ይወርዳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የእናቱንም የአባቱንም አረማመድ ማየት ይገባል።

የእኔው ዳማ ክልስ ነው። እናቱ ላብራዶር፣ አባቱ የአገር ውሻ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከመልኩ ነው። ክልስነቱን እንደ ጉድለት ለሚቆጥሩ ሰዎች በቁም ነገር የምላቸው ነገር አለኝ፦ ገበያ ላይ «ንጹሕ ላብራዶር» ተብሎ በውድ ዋጋ ከሚሸጥና እናቱ ከማትታይ ቡችላ ይልቅ፣ እናቱ ፊት ለፊት የምትታይ ክልስ ትበልጣለች። እናቲቱ እንግዳ ሰው ቡችሎቿን ሲያነሣ ጥርሷን ካላሳየች፣ የያዘችውን አጥንት ባለቤቷ ሲቀበላት ካላጉረመረመች፣ ከዚያ በላይ የምስክር ወረቀት አያስፈልገኝም።

ዳማን የመረጥኩት በ8 ሳምንቱ ከ6 ቡችሎች መካከል ነው። የተጠቀለለ ካልሲ ወረወርኩላቸው። ሁለቱ አላዩትም፤ ሁለቱ ተሻሙበት፤ አንዷ ይዛ ጥግ ገባችና ማኘክ ጀመረች። ዳማ ግን ከሌሎቹ ተራ በኋላ ለብቻው ስወረውርለት ሮጦ አነሣው፣ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያም ወደ ተቀመጥኩበት አምጥቶ እግሬ ሥር ተኛበት። የብረት ድስት መሬት ላይ ጥዬ ሳንኳኳ ደንግጦ ሸሸ፤ ነገር ግን ቆይቶ ተመለሰና ድስቱን አሸተተው። መደንገጡን አልጠላሁበትም፤ ዋናው መመለሱ ነው።

ወደ ቤት ሲመጣ ትልቁ ጥያቄ የእናቴ ነበር። «ልጄ፣ ሶላት በሚሰገድበት ቤት ውሻ አይገባም» አሉኝ፤ ልክ ናቸውም። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ የሚያዝ ውሻ የተፈቀደ መሆኑን፣ የሠለጠነ ውሻ ያደነውንም መብላት በቁርኣን 5ኛው ምዕራፍ፣ በአል-ማኢዳህ 4ኛ አንቀጽ እንደተፈቀደ (እኛ ቤት ግን ከላይ እንዳልኩት ያልታረደ አይበላም) የሰፈራችን ሼኽ ካስረዷቸው በኋላ ግን በአንድ ሁኔታ ተስማሙ፦ ውሻው በግቢ እንጂ በቤት አይኖርም። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ ስለምንሄድ ለሃጩ የነካውን 7 ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እናጥባለን። ለዚህም በበሩ ጥግ የውኃ ጄሪካንና ንጹሕ አፈር የያዘ ጣሳ አስቀመጥን፤ ልጆቹ ከሳምንት በኋላ ሳይነገራቸው መታጠብ ጀመሩ። ማደሪያው ከግንብ ተሠርቶ በሩ በብረት ይዘጋል፤ ሌሊት ጅብ በሚዞርበት አገር ውሻን ሜዳ ላይ ማሳደር አሳልፎ መስጠት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በ3 ወሩ ወስዷል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ልጆች ባሉበት ግቢ ያልተከተበ ውሻ የሚያኖር ሰው አይገባኝም፤ ያ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

«ና»፣ «ቁጭ»፣ «ቆይ» የሚሉትን ትእዛዞች ያለ ብዙ ድካም ተማረ። ወደ ዋናው ችግሬ ልግባ።

ዳማ የ9 ወር ልጅ ሳለ፣ በግንቦት፣ ላባዋ ያልተነጨ የታረደች ቄብ ለልምምድ ወረወርኩለት። ሄደ፣ አነሣ፣ ተመለሰ። ልቤ በደስታ ሞላ። እጄን ዘርግቼ ልቀበለው ስል ግን አንገቱን አዞረና አፉን ጨመቀ፤ የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት። ከተቀበልኩት በኋላ ደረቷን በሁለት ጣቶቼ መካከል ይዤ ስዳስሳት አንደኛው ጎኗ እንደ ባዶ ከረጢት ገባ። ቆዳዋ አልተቀደደም፤ ከውጭ ለሚያያት ደኅና ነበረች። ውሻ ጥርሱን እንደሚጫን የሚታወቀው እንዲህ በደረት አጥንት ነው እንጂ በላባ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ለወራት ሊታለል ይችላል።

ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን በእጄ በያዝኩት በትር አንድ ጊዜ መታሁት። ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው። በማግስቱ ካልሲውን ስወረውርለት አንሥቶ መጣና 5 እርምጃ ሲቀረው መሬት ላይ ጥሎት ተኛ፤ ዐይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። ያ አንድ ምት የ3 ሳምንት ሥራ አስወጣኝ። «ካልተመታ አይማርም» የሚሉ አዳኞች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለልምምድ በሚወረውሩለት ዕቃ ውስጥ ሚስማር ሰክተው ሲነክስ አፉን እንዲወጋው ያደርጋሉ። እኔ ይህን ፈጽሞ እቃወማለሁ። ውሻው የሚማረው ወፍ መያዝ እንደሚያምም እንጂ ቀስ ብሎ መያዝን አይደለም። ከዚያ በኋላ ወይ አያነሣም፣ ወይ አንሥቶ ይሸሻል።

ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት በገዛ ግቢዬ ነው። ዳማ ከ4 እስከ 6 ወሩ ጥርሱን ሲቀይር ልጆቹ ገመድ ያጓትቱት ነበር፤ እኔም ሳየው ደስ ይለኝ ስለነበር አልከለከልኳቸውም። ነጠላ ጫማ ሰርቆ ሲሮጥ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ እየጮኸ ያባርረውና መንጋጋውን ፈልቅቆ ይነጥቀው ነበር። ስለዚህ ውሻው በ9 ወሩ ሁለት ነገሮችን በሚገባ ተምሮ ነበር፦ አንድ ሰው አፍህ ላይ ያለውን ሲይዝ ጥርስህን አጥብቅ፤ እጅ ወደ አንተ ሲዘረጋ ንጥቂያ ነው። ቄቧን የሰበራት ከክፋት አይደለም፤ እኛ ያስተማርነውን ነው ያደረገው።

ከሰኔ ጀምሮ ገመዱ ከግቢ ወጣ። ጫማ ሲያነሣ ማንም እንዳያሳድደው፣ ይልቁንም ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ እንዲሄድና ውሻው ራሱ ተከትሎ ሲያመጣው እንዲያመሰግነው ደነገግን። ከዚያም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለስላሳ እንጨት አፉ ውስጥ አስቀምጬ «ያዝ» በማለት ለ5 ሴኮንድ፣ እያደር እስከ 30 ሴኮንድ ዝም ብሎ እንዲይዝ፣ ጉንጩን እያሻሸሁ አለማመድኩት። ከዚያ በጥጥ የተሞላ ካልሲ ተከተለ፤ በመጨረሻ እንቁላል።

በእንቁላሉ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከሞከርኳቸው ዘዴዎች ሁሉ የምወደው እርሱን ነውና። በመጀመሪያ የተቀቀለ እንቁላል በካልሲ ውስጥ፣ ቀጥሎ የተቀቀለውን ያለ ካልሲ፣ በመጨረሻ ጥሬውን። የእንቁላል ጥቅሙ ለሁለታችንም የማያወላውል መልስ መስጠቱ ነው፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ አይሰበርም። ዳማ የመጀመሪያውን ጥሬ እንቁላል ሲያነሣ ከንፈሩን ከጥርሱ በታች አስገብቶ፣ ምላሱን ከሥር ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱን እንደ ሙሉ እንስራ ተሸካሚ ቀጥ አድርጎ መጣ። እንዲህ ሲራመድ አይቼው አላውቅም ነበር። 11 እንቁላል ተሰብሯል፤ ሚስቴም ዋጋውን ታውቀዋለች። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ የተሰበረውን ውሻው እንዳይልሰው ወዲያው ማንሣት ያስፈልጋል። እኔ አንድ ቀን ችላ ብዬ አስላስኩትና በሳምንቱ ከዶሮዋ ጎጆ እንቁላል መጥፋት ጀመረ። ያንን ለማስተው የዶሮ ቤቱን በሽቦ ማጠር ግድ ሆኖብኛል፤ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ እስካሁን አላገኘሁም።

እንቁላሉን ይዞ መምጣት ቢለምድም እጄ ላይ ለመልቀቅ ግን አሁንም ያመነታ ነበር። ይህን የፈታችልኝ የ9 ዓመቷ ልጄ ናት። አንድ ቀን ማታ ከበሩ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳለ ዳማ ካልሲውን ይዞ ወደ እርሷ ሄደ። እርሷ እጇን አልዘረጋችም፤ አንገቱን ብቻ እያሻሸች ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካልሲውን ራሱ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እኔ ለወራት ሳደርግ የነበረው ተቃራኒውን ነው፤ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ቸኩዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመጣ እንበረከካለሁ፤ የያዘውን ሳልነካ መጀመሪያ ደረቱን አሻሸዋለሁ፤ ከዚያ መዳፌን ከአገጩ ሥር አስገብቼ «ልቀቅ» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ሳያልቅ ይለቃል። ለቤተሰብ የሚሆን ውሻና ለአደን የሚሆን ውሻ ሁለት የተለያዩ ውሾች ናቸው የሚለውን አስተያየት ያን ጊዜ ተውኩት፤ ከልጄ ጭን ላይ ካልሲ የሚያኖረውና ለእኔ ቆቅ የሚያመጣው አፍ አንድ ነው።

ከእንቁላል በኋላ የዶሮ ክንፍ ካልሲው ላይ አስሬ፣ ቀጥሎም ታርዳ የቀዘቀዘች ርግብ ሰጠሁት። ሙቅ ወፍ ውሻን ይበልጥ ስለሚያነሣሣው ከቀዘቀዘው መጀመር ይሻላል። የጠመንጃ ድምፅ በሩቅ ጀምሮ፣ ሲበላ ሳለ፣ በሳምንታት ውስጥ እየቀረበ ለመደ። ውኃ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር አለማመድኩት፤ የእናቱ ዘር ስለሆነ ምንም አላስቸገረኝም።

ማሳ ላይ የወጣነው ፈቃድ ካላቸው አጎቴ ጋር ነው፤ የሚተኩሱት እርሳቸው ናቸው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ውሻ አሠልጥኖ ፈቃድ የሌለው ሰው ከካልሲና ከርግብ እንዳያልፍ አጥብቄ እመክራለሁ። ወፎች በሚፈለፍሉበት የዝናብ ወራት ፈቃድ ቢኖርም እንኳ አንወጣም።

ቅዳሜ ዕለት ከሦስት ቆቆች ሁለቱን በሕይወት አመጣልኝ፤ ሦስተኛዋ በተኩሱ ሞታ ስለነበር ደረቷን ዳስሼ ጎኗ ሙሉ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ለዳማም ሳልሰጠው ቀበርኳት። ጅግራ ላይ ግን ገና ነን። የቆሰለች ጅግራ በእግሯ ትሮጣለች፣ ስትያዝ በጥፍሯ ፊቱን ትቧጭራለች፣ ከቆቅም ስለምትከብድ ዳማ ወገቧን ስቶ በአንገቷ ይይዛታል፤ በአንገት የተያዘች ወፍ ደግሞ እስክትደርስልኝ አትቆይም። ከአጎቴ ያገኘኋቸውን ሁለት የጅግራ ክንፎች አሸዋ በተሞላ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል በሚመዝን ከረጢት ላይ ሰፍቼ ከትናንት ጀምሮ መሐሉን ይዞ እንዲያነሣ እያለማመድኩት ነው። ዛሬ ከ10 ጊዜ 4ቱን በትክክል አነሣ። ጅግራ ያስለመደ ሰው ካለ ከረጢቱን ከየት በኩል እንዳከበደው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።