ስንት ሰዓት ላይ ነበር የደወለው?

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ምን አየህ?" ይለኛል። ብዙም ያየሁት ነገር የለም። የሰማሁት ግን አለ፣ እሱን ልጽፈው።

የሄድኩት ፔሩ ነው፣ አንዲስ ተራሮች ውስጥ፣ ከኩስኮ ከተማ ወረድ ብሎ "የተቀደሰው ሸለቆ" የሚሉት ቦታ። በዕፅዋት መድኃኒት የሚደረግ የአምስት ቀን የፈውስ ቆይታ ነበር። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አላለቀስኩም። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ፣ ማታ ስተኛ ግን ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል፤ ጠዋት ስነሳም እዚያው ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያም ጋ ሄጃለሁ፣ ረድታኛለች፣ አልዋሽም። እንባው ግን አልመጣም።

ከመሄዴ በፊት ረጅም ቅጽ ላኩልኝ። የልብ ሕመም አለብህ? ደም ግፊትስ? በየቀኑ የምትወስደው ክኒን አለ? ከቤተሰብህ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሰው አለ? ሞልቼ ከላክሁ በኋላም ደውለው እንደገና አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ያኔ አሰልችቶኝ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው በዚህ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሌላ ቦታ ሄዶ አያዋስካ የሚባለውን፣ ስሜትንና እይታን የሚቀይር የዕፅዋት መጠጥ ጠጥቷል። የድብርት ክኒን እየወሰደ ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም። አያዋስካ በብዛት የሚፈላው ከሁለት ዕፅዋት ነው፣ ከአንድ ሐረግና ከአንድ ቅጠል። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ሰውነታችን ቶሎ እንዳያፈርሰው ሐረጉ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግደዋል። ይኸው ሥራው ከብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ይሆንና ሰው እስከመግደል ሊደርስ ይችላል። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው አድሮ ተረፈ። ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ምንም ሳይጠይቅ ኩባያ የሚያቀብላችሁ ቦታ ከሆነ ተነስታችሁ ውጡ። ለዚህ ብላችሁም ሐኪም ሳታማክሩ ክኒናችሁን እንዳታቋርጡ።

እኔ የጠጣሁት አያዋስካ አይደለም፣ ዋቹማ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የቁልቋል ዓይነት ነው፣ እዚያው ተራራው ላይ ይበቅላል። ሌላው ስሙ ሳን ፔድሮ ነው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ማለት። የመንግሥተ ሰማያትን ቁልፍ የያዘው እሱ ስለሆነ ነው ስሙን ያወጡለት ይባላል። ይህ ስም ገና ሳልሄድ ልቤን ነካው። ተክሉን ሰዎች የሚያውቁት ግን ከስሙ በጣም ቀድሞ ነው። ቻቪን ደ ዋንታር በሚባለው የፔሩ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይህንኑ ቁልቋል በእጁ የያዘ ፍጡር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው። ስሜትንና እይታን የሚቀይረው፣ ውስጡ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር ሜስካሊን ይባላል። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ያ ሁሉ ጥያቄም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም አልጠጣንም። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ደረጃ ስወጣ እንኳን ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውሃ መጠጣት፣ በጊዜ መተኛት ብቻ። ቁልቋሉ ሲከተፍና ሲፈላም አየን፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራን። ሥርዓቱን የሚመሩት አንዲት አሮጊት ናቸው፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ለእያንዳንዳችን በእጃቸው ሰጡን። ይመራል፣ እንደ ንፍጥም ይዝለገለጋል። ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር፣ አንዴም አስታወከኝ። ከዚያ ቀስ እያለ መጣ። ቀኑን ሙሉ ነው የሚቆየው፣ አይቸኩልም። የሣሩ አረንጓዴ በረታ። አንዲት ጉንዳን ድንጋይ ላይ ስትወጣ ለረጅም ጊዜ፣ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ ቁጭ ብዬ አየኋት። ደስ ይላል። አባቴን ግን እየጠበቅሁ ነበር። ይመጣል፣ ያናግረኛል ብዬ። አልመጣም።

ከመካከላችን አንዲት ያልጠጣች ሴት ነበረች። የምትወስደው መድኃኒት ስላለ አልሰጧትም። እሷም ይህን አውቃ ነው የመጣችው፤ ተራራውን ለመሄድና ከኛ ጋር ለመቀመጥ። ከሰዓት በኋላ አጠገቤ መጥታ ውሃ ሰጠችኝና ዝም ብላ ተቀመጠች። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። አባቴ ከመሞቱ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎልኝ ነበር። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣ ስሙን አነበብኩ፣ ገለበጥኩት። ማታ እደውላለሁ ብዬ ረሳሁ። በነጋታው የደወለችው እህቴ ናት።

ይህን የነገርኩት ሰው ቢኖር ኖሮ የሚለኝን አውቀዋለሁ። ጥፋትህ አይደለም፣ ምን ታውቃለህ፣ እሱም ይረዳሃል። እሷ እንደዚህ አላለችም። "ስንት ሰዓት ላይ ነበር የደወለው?" አለችኝ።

"ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።"

ከአፌ ሲወጣ ነው ሰዓቱን እንደማስታውሰው ያወቅኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደቂቃውን ሳይቀር ይዤው ኖሬያለሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ገና አልጨረስኩም ነበር። አሮጊቷ መጥተው ጉልበቴ ላይ ብርድ ልብስ አለበሱኝ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

ቁልቋሉ ነው ያስለቀሰኝ ወይስ ጥያቄዋ? ቁልቋሉ ባይኖር አፌን የምከፍት አይመስለኝም። ጥያቄዋ ባይኖር ደግሞ ጉንዳኗን ሳይ ውዬ እመለስ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ "ሂድ፣ ትድናለህ" ማለት የማልፈልገውም ለዚህ ነው። እኔ እንኳን ድኛለሁ አልልም። ትናንት ማታም ደረቴ ላይ ነበር። ቀለል ብሎ፣ ግን ነበር።

በመጣሁ በሳምንቱ እህቴ ጋ ደወልኩ። እስከዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። "አባዬ ያን ቀን የደወለልኝ ለምን ነበር?" አልኳት። ዝም አለች። የረሳች መስሎኝ ነበር።

"የስልኩ ባትሪ መብራት በርቶበት ነበር" አለችኝ። "እንዴት እንደሚጠፋ ሊጠይቅህ ነው።"

"በርቶ አደረ?"

"አይ፣ ማታ ስመጣ አጠፋሁለት።"