ሲሞኖቬ ለምን ይነክስ ነበር?

አማርኛ ለጠመንጃ አፍ ሰጥቶታል። ጥይት ይጎርሳል፣ ቀለህ ይተፋል። መጉረሱ እምቢ ሲለው ደግሞ ነከሰ እንላለን። የእኔው ሲሞኖቭ አንድ ወር ሙሉ ሲነክስ ከረመ።

የምኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። ጠመንጃውን የገዛሁት ያገለገለ ነው። የዩጎዝላቪያ ሥሪት፣ ኤም 59/66 የሚባለው። ከስንቱ መሣሪያ እሱን የመረጥኩት አባቴ በደርግ ጊዜ ሚሊሺያ ሆኖ ሲሞኖቭ ይዞ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጣጣውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። የሲሞኖቭ ካዝና አይነቀልም። ከሆዱ ጋር የተገጠመ ነው፤ 10 ጥይት አንድ ቆርቆሮ ላይ ተደርድሮ ከላይ ወደ ውስጥ ይገፋል። እኔ ግን እንደ ክላሽ የሚነቀል አማረኝ። ዋናውን ፈትቼ አወጣሁና 20 የሚይዝ የፕላስቲክ ካዝና ሁለት አዘዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛዋ ጥይት ላይ ቀጥ አለ።

ጥይቱ ርካሽ ስለነበር ነው አልኩ። የብረት ቀለህ ያለውን ትቼ ባለነሐሱን ገዛሁ። ነከሰ። ዘይት አንሶት ይሆናል አልኩ። ሽሮ ላይ ቅቤ እንደሚጨምር ሰው አጠጣሁት። አሁንም ነከሰ፤ በዚያ ላይ ፊቴ ላይ ዘይት ይረጫል።

ተኩስ ሜዳው ላይ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። እኔ በነከሰ ቁጥር ተናድጄ ማቀባበያውን ስቤ ጥይቷን መሬት ላይ እጥላለሁ። «ከማውጣትህ በፊት እያት» አሉኝ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ጣት ከቃታው ርቆ፣ መጠበቂያው ተቆልፎ፣ ዝም ብሎ ማየት።

አየኋት። የጥይቷ ጫፍ በርሜሉ አፍ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ታች ደፍቶ ከአፉ ሥር ያለው ብረት ላይ ተደግፏል። ሳወጣት መዳቡ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል የምታብለጨልጭ ጭረት ነበረች። ከዚያ በፊት የጣልኳቸውን ከመሬት ለቀምኩ። ሁሉም እዚያው ቦታ ተጭረዋል። ስለዚህ ዘይቱም ጥይቱም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ካዝናዎቹን በማርከር አንድ፣ ሁለት ብዬ ቁጥር ሰጠኋቸው። አንድ ቁጥር ሁልጊዜ ጫፏን ያስደፋታል። ፊቱ ላይ ጥይቷን ወደ በርሜሉ የሚመራት ምላስ አለ፤ እሱ ትንሽ ጎብጧል። ሁለት ቁጥር ሌላ ዓመል አለው። ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቷን ወደ በርሜሉ የሚገፋው ብረት፣ በጥይቷ ላይ አልፎ ባዶውን ይዘጋል። ካዝናውን ከሥር በመዳፌ ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ስይዘው ግን ጥርት አድርጎ ይጎርሳል። ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ቦልቱ ጥይቷ ላይ አይደርስም። ሁለቱም ካዝና ነከሰ፣ ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ማታውኑ የድሮውን ካዝና መለስኩ። ከውጭ የመጣ ጠመንጃ ላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ መግጠም የፌዴራል ሕግ እንዳለበትም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ጠመንጃውን ከፈታሁት አይቀር ሁሉንም አጠብኩት። ኮስሞሊን የሚባለው የማከማቻ ግራሶ በየስርጉዱ ተጋግሯል። ቦልቱ ውስጥ ያለችው ጥይቷን የምትመታው መርፌ ደግሞ የምር ነገር ናት። በግራሶ ተጣብቃ ወደ ፊት ከቀረች፣ ቦልቱ ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። ቦልቱን አውጥታችሁ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። መርፌዋ ቅጭል ቅጭል ካላለች ፈታችሁ ሳታጥቡ ጥይት እንዳታጎርሱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ተተኮሰች፤ ከዚያ ጸጥ። ቀለሁ አልወጣም። በእጄ አቀባበልኩ፣ ተኮስኩ፣ እንደገና በእጄ። ጠመንጃውን ሰበርኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ለካ የዩጎዝላቪያው ሲሞኖቭ ቦምብ ከአፈሙዙ ለመወርወር ሲባል ከተኩሱ የሚመጣውን ጋዝ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ሳጸዳ ዘግቼው ረስቼዋለሁ። ጋዝ ከሌለ ፒስተኑን የሚገፋ የለም፣ ቦልቱም ወደ ኋላ አይሄድም። ቫልቩን ከፈትኩና 40 ጥይት ተኮስኩ። አንዷም አልተነከሰችም።

እሑድ ለአባቴ ደወልኩለትና የቫልቩን ታሪክ ነገርኩት።

«ምንሽር አደረግኸው በለኛ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ምንሽር በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል የድሮ ጠመንጃ ነው። ከዚያ የአንዷ ጥይት ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ግማሽ ዶላር ገደማ አልኩት። በብር ሲያሰላው መሰለኝ፣ ዝም አለ።

«ይችን ሁሉ ብር ከወረቀት ጋር ነው የምትዋጋባት?»