ሽንኩርት ፍለጋ ስሎቫኪያ

ቪየና ውስጥ እሑድ ሱቅ ይዘጋል። ይሄን ትናንት የመጣ ሰው እንኳን ያውቃል። እኔ ግን ከዚያም በላይ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

የ2012 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለና ድግሱን ለእሑድ አስተላለፍነው። እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ልትጥድ ብትነሳ፣ ቤት ያለው ሽንኩርት ሦስት ራስ። ለአሥራ አምስት እንግዳ! ቅዳሜ ግዛ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን እንለፈው።

«አታስቢ፣ ብራቲስላቫ እሑድም ክፍት ነው» አልኳት። እውነቴን ነው። እስከ ስሎቫኪያዋ ዋና ከተማ ባቡሩ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ገንዘቡም ያው ዩሮ።

«ለሽንኩርት ውጭ አገር? ጎረቤት አትጠይቅም?»

ማን ይሰማል።

የመጀመሪያው ሱፐርማርኬት በሩ ላይ «ዛትቮሬኔ»፣ ማለትም «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ጋ በራሱ የሚከፈተው በር ይከፈትልኝ እንደሆነ እጄን ሳወናጭፍ፣ ውሻ ይዘው የሚያልፉ እናት አዩኝና ደወል ወደሚደወልበት ቤተ ክርስቲያን ጠቆሙኝ። «ማሪያ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ሴፕቴምበር 15፣ የሰባቱ ሐዘኖች እመቤታችን በዓል። ማርያም ለካ የስሎቫኪያ ጠባቂ ናት። በእነሱ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ደግሞ በበዓል ቀን ሱቅ መክፈት በሕግ ተከልክሏል። ነዳጅ ማደያ፣ ተረኛ ፋርማሲ፣ ባቡር ጣቢያ ያለ ሱቅ ምናምን ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ምግብ ቤቱ ሁሉ ክፍት ነው። የሽንኩርት ሾርባ ትበላለህ፣ ሽንኩርት አትገዛም።

እኛ አገር ቢሆን ፋሲካም ይሁን ገና፣ የሰፈር ሱቅ መስኮት ስታንኳኳ ባለሱቁ እየተነጫነጨም ቢሆን ያቀብልሃል። እዚህ መስታወቱን ባንኳኳ ፖሊስ ነው የሚመጣልኝ።

ነዳጅ ማደያ ገባሁ። ዘይት አለ፣ የሞተር። ባቡር ጣቢያው ጋ ደግሞ ሆራልኪ የሚባለውን የኦቾሎኒ ዋፈር አገኘሁ። ርቦኝ ስለነበር ሁለት ገዛሁ።

ባለቤቴ ደወለች።

«አገኘህ?»

«በዓል ነው።»

«የምን በዓል?»

«የማርያም።»

ዝም አለች። «እሷው ትይልህ» ብላ ዘጋችው።

ቪየና ዋናው ባቡር ጣቢያ ወርጄ አንገቴን ደፍቼ ስወጣ፣ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ያለው ሱፐርማርኬት ክፍት ነው። እሑድ እሑድም ይሠራል። ጠዋት ባቡር እንዳያመልጠኝ በሩ ላይ ነው እየሮጥኩ ያለፍኩት።

አምስት ኪሎ ሽንኩርት ታቅፌ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ የቆመው ዞር አለ። ከማታ እንግዶቻችን አንዱ።

«እንዴ! ከየት ነው?»

«ከቤት» አልኩት፣ ሆራልኪዬን ኪሴ ውስጥ እየሸጎጥኩ።