ልጄን ማካፈል ሳለማምድ ያጠፋሁት አንድ ወር

ይህን የምጽፈው አራተኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ልጄ ያን ያህል አያለቅስም ነበር። እኔም ያን ያህል አልጮህበትም ነበር።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ልጄ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ችግር አልነበረበትም። ኅዳር ላይ ረጅሙን የማካፈል ዘዴ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ በቀይ ኤክስ ተሞላ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ስኩዌር ደብተር ግዙ፤ በአንድ ካሬ ውስጥ አንድ አሃዝ ብቻ ይጻፍ። ቀሪው ሁልጊዜ ከአካፋዩ ማነስ እንዳለበት በሚያውቀው ነገር አሳዩት። እኔ በጣና ደሴቶች አሳየሁት። 37ቱን ደሴቶች ለ5 ጀልባ ብናከፋፍል ለእያንዳንዱ 7 ይደርሰውና 2 ይተርፋል። የተረፈው 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ገና አካፍለህ አልጨረስክም ማለት ነው። ይህ በአንድ ምሽት ገባው።

የተበላሸው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ፈተና ከ10 4 አመጣ። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የደረስኩት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ዩኒት ሊደሩ ያናገረኝ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ደብተሩን ሁለት ሦስት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ማባዛት አልሸመደደም። በቀን 40 ጥያቄ ያሠሩት። ከክፍሉ ውጭ የሆነ ዘዴ ግን እንዳያሳዩት፣ ይደናገራል» አለኝ። በቃ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። መምህርቷ የእያንዳንዱን ደብተር ቁጭ ብላ እንድታነብ አልጠብቅም፤ ጉልበቷ አይችልም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ደብተሩ ሳይነበብ ምክር መሰጠቱ ነው። አንድ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት ቢያዝ ዝም አንልም። እኔ ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ደግሞም የተባልኩትን አደረግሁ። በቀን 40 ጥያቄ። ማታ እራት እንደበላን ጠረጴዛውን እጠርግና እንቀመጣለን። መብራት ሲጠፋ በሻማ። ሦስት ሳምንት። ከ800 ጥያቄ በላይ ማለት ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ፊቱ እየጠቆረ መጣ። ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ካልወሰድሽኝ እያለ የሚነዘንዘኝ ልጅ መጠየቁን ተወው። እጄን አላነሳሁበትም፤ ምላሴን ግን አላሳረፍኩም። «ትናንት የሠራኸው አይደለም ወይ? አታስብም?» እለው ነበር። ያ ቃል አሁን ትዝ ሲለኝ ደረቴ ይጨንቀኛል። ልጁ እኮ እያሰበ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና መጣ። አሁንም ከ10 4።

ያን ማታ ልጁን በጊዜ አስተኛሁት። ሁለቱን የፈተና ወረቀቶችና ደብተሩን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በትክክል የሠራቸውን በአንድ ወረቀት፣ የተሳሳታቸውን በሌላ ወረቀት ገለበጥኩ። ትክክል ከሆኑት መካከል 864 ለ4 ሲካፈል 216 እና 952 ለ7 ሲካፈል 136 ነበሩ። እነዚህ ቀላል አይደሉም። የ7 ማባዛት የማያውቅ ልጅ 952ን ለ7 ማካፈል አይችልም። ታዲያ ማባዛት አልሸመደደም የተባለው ከየት መጣ?

ወደ ስህተቶቹ ዞርኩ። 618 ለ6 ሲካፈል፣ የሱ መልስ 13። 832 ለ4፣ የሱ 28። 945 ለ9፣ የሱ 15። 4,218 ለ6፣ የሱ 73። 5,040 ለ7፣ የሱ 72። አጠገባቸው ትክክለኛውን መልስ ጻፍኩ፤ 103፣ 208፣ 105፣ 703፣ 720። ደጋግሜ አየሁት። አሃዞቹ ሁሉ በትክክል አሉ። በእያንዳንዱ ላይ የጎደለችው ዜሮ ብቻ ናት።

ከ800 ጥያቄ በኋላ ችግሩ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያንን አንዱን ነገር ማንም አልነገረውም። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎ ታልፏል። እኔም ቤት ውስጥ ኤክስ አድርጌ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ «618ን ለ6 አካፍልልኝ። ግን እጅህ የሚሠራውን ሁሉ ጮክ ብለህ ተናገር» አልኩት። እንዲህ አለ፦

«6 ለ6፣ 1። አባዛ፣ 6። ቀንስ፣ ባዶ። 1ን አውርድ። 1 ለ6 አይደርስም። ሌላ አውርድ፣ 8። 18 ለ6፣ 3። አለቀ፣ 13።»

«1 ለ6 አይደርስም ስትል ምን አደረግህ?»

«ሌላ አወረድኩ። አንቺ አይደለሽ እንዴ ካልደረሰ ሌላ ጨምር ያልሽኝ?»

እኔ ነኝ። በእርግጥም ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን 4,218ን ለ6 ስናካፍል «4 ለ6 አይደርስም፤ ካልደረሰ ቀጣዩን ጨምርና 42 በለው» ብዬ አስተምሬዋለሁ። መነሻው ላይ ይህ ትክክል ነው። ከ703 ፊት ዜሮ ብንጽፍ 0703 ነው፤ ዋጋው አይለወጥም፣ ስለዚህ አንጽፈውም። መሀል ላይ ስንደርስ ግን ሕጉ ይለያል። 42 ለ6፣ 7 ካልን በኋላ 1 ይወርዳል። 1 ለ6 አይደርስም። እዚህ ጋ ዜሮ ካልተጻፈ 7ቱ መቶ የነበረው 7 አስር ሆኖ ይቀራል። ልጄ የነገርኩትን ሕግ በታማኝነት ይዞ መሀል ላይም ተጠቀመበት። ሁለቱ ቦታዎች እንደሚለያዩ የነገረው ሰው የለም። ክፍል ውስጥ የተጻፈለትም «አካፍል፣ አባዛ፣ ቀንስ፣ አውርድ» የሚል ብቻ ነው። ካልደረሰስ ምን ይደረግ? አይልም።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ቤታችን ውስጥ ዜሮን «ባዶ» ነው የምንላት። ባዶ ምንም ማለት ነው። ምንም የሆነን ነገር ማን ይጽፋል?

እንዴት እንዳስረዳው ሳሰላስል የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ትዝ አለኝ። እሑድ እሑድ ይማራል፤ የግዕዝ ቁጥሮችን አሳምሮ ያውቃል። «103ን በግዕዝ ጻፍልኝ» አልኩት። ፻፫ ብሎ ጻፈ። «13ንስ?» ፲፫። «ዜሮዋ የታለች?» አልኩት። ፈለጋት፤ የለችም። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ፻ የትም ይቀመጥ የት፣ መቶ መሆኑን ራሱ ይናገራል። በ1፣ 2፣ 3 ስንጽፍ ግን 1 መቶ ይሁን አስር የሚነግረን የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። አስር ቤት ውስጥ ማንም ከሌለ ዜሮዋ ቤቱን ትጠብቃለች። ካልጠበቀች መቶው ወርዶ አስር ቤት ይገባል። ልጁ ሁለቱን ጽሑፎች እያፈራረቀ ብዙ ጊዜ አያቸው። «ባዶ ሳትሆን ዘበኛ ናት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ባዶ የሚለው ቃል ቀረ።

ይህ ምክንያቱን አሳየው። እጁ ግን ገና አልለመደም ነበር። እጁን ያስለመደው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ጣና ላይ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። ቀረሶና አምባዛ ሸጠው ሲመለሱ ገንዘቡ በ6 ድርሻ ይከፈላል፤ አምስቱ የሰዎቹ፣ አንዱ የጀልባዋ። አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ መሬት ላይ ስድስት ቦታ ለየ። መጀመሪያ መቶ መቶ ብሮቹን አዳረሰ። ከዚያ ወደ አስር ብር ዞረ። እጁ ላይ የነበረችው አንድ አስር ብር ብቻ ናት። «ይቺ ለስድስት አትበቃም፤ ትዘርዘር» ብሎ በአንድ ብር ሳንቲሞች አስለወጣትና ካሉት ሳንቲሞች ጋር ደባልቆ አዳረሰ። ልጄ ዓይኑን አልነቀለም። «ጋሼ፣ አስር ብር የደረሰው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው። «ያቺ አስር? ለማንም አልደረሰች» አለው።

ለማንም አልደረሰችም። እሷ ናት ዜሮዋ።

እቤት ገብተን ከካርቶን የመቶ፣ የአስርና የአንድ ብር ቆረጥን። 618 ብር ለ6 ሰው። መቶ ብር ለእያንዳንዱ 1። አስር ብር ለእያንዳንዱ 0፤ ይጻፍ። አስሩ ይዘርዘርና 18 አንድ ብር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 3። መልሱ 103። ለእያንዳንዱ 13 ብቻ ቢደርስ 6 ጊዜ 13 78 ነው፤ 540 ብር የት ሄደ? ይህን ጥያቄ ራሱ ነው የጠየቀው። በአራት ቀን ስህተቱ ጠፋ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከትምህርት ቤቱ ምክር ጋር ባይስማማም የማምንበትን ልናገር።

በቀን 40 ጥያቄ አታሠሩ። ሦስት ይበቃል። ከሦስቱ በአንዱ መልስ ውስጥ ግን ዜሮ ትኑር፤ አንዳንዴ መሀል ላይ፣ አንዳንዴ እንደ 720 መጨረሻ ላይ። የመጨረሻዋ ዜሮ ከመሀሏ ይልቅ ትረሳለች፤ ልጁ ቀሪው ሲያልቅበት የጨረሰ ይመስለዋል።

የማባዛት ሰንጠረዡን አትደብቁበት። እያየ ይሥራ። ማካፈል በሚማርበት ሰዓት ማባዛቱን መፈተን ሁለት ሸክም ማሸከም ነው። ሽምደዳው በሌላ ሰዓት ይሁን።

«አይደርስም» አትበሉ። «ዜሮ ጊዜ ይደርሳል» በሉ። አይደርስም ሲባል ልጁ የሚጽፈው ነገር የለውም። ዜሮ ጊዜ ሲባል ግን የሚጽፈው አሃዝ አለው። አንድ አሃዝ ባወረደ ቁጥር ድርሻው ላይ አንድ አሃዝ መጻፍ አለበት። ስኩዌር ደብተር ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ የመጀመሪያው የድርሻ አሃዝ ከተጻፈ በኋላ ከላይ ክፍት ካሬ መቅረት የለበትም።

ከመጀመሩ በፊት ይገምት። 618 ወደ 600 ይጠጋል፤ 600 ለ6 100 ነው። ስለዚህ 13 መልስ ሊሆን አይችልም። ሲጨርስ ደግሞ ድርሻውን በአካፋዩ አባዝቶ ቀሪ ካለ ይደምርበት። ይህን ማመሳከሪያ እኔ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ዘልዬው ነበር። ከ40 ጥያቄዎች 20ውን ትቼ ይህን ባሠራው ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ ይደርስበት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ከመምህርቷ ጋር ተከራክረናል። ልጄ ዜሮዋን ከጻፈ በኋላ ከታች «0 ጊዜ 6 0፤ 1 ሲቀነስ 0፣ 1» ብሎ አንድ ረድፍ ይጨምራል። መምህርቷ ቦታ ይፈጃል፣ ይዝለለው አለችኝ። አይዝለለው አልኩ። እጁ እስኪረጋ ድረስ ያቺ ረድፍ ትኑር። ዘዴው ያው የክፍሉ ዘዴ ነው፤ ምንም አልደበቅነበትም። መጨረሻ ላይ ተስማማች። እንዲያውም ስህተቶቹን የገለበጥኩበትን ወረቀት ስታይ ዝም አለችና «ሌሎቹም ልጆች እንዲህ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብላ ወረቀቱን አስቀረችው። የዩኒት ሊደሩን ቢሮ ግን ደግሜ አልረገጥኩም።

ለ800ዎቹ ጥያቄዎች ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምንም አይደለም እማ» አለኝ፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር መሄድ ጀምረናል። አሁን ባለ ሁለት አሃዝ አካፋይ ላይ ደርሷል። ትናንት 7,236ን ለ12 ሰጠሁት። 72 ለ12፣ 6 አለ። 3ን አወረደ። እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቆየ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ ከ6ቱ ቀጥሎ ባለው ካሬ ውስጥ ዜሮዋን ክብ አድርጎ ጻፋትና 6ን አወረደ።