ያትማል፤ ፋክስ ግን አይልክም

አርብ ነው፤ አስር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። የሐኪሙ ቢሮ አስራ አንድ ላይ ይዘጋል። የአንዲት የ78 ዓመት እናት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ሐኪሙ አንድ ቅጽ ፈርሞ መመለስ አለበት። ቅጹ የሚሄደው በፋክስ ነው። ፋክሱ አልሄድ ብሏል።

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤት ለቤት ነርስና አስታማሚ በሚልክ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ «አሁንም ፋክስ አለ እንዴ?» ይሉኛል። አለ። እዚህ አገር ክሊኒኩም፣ ፋርማሲውም፣ ኢንሹራንሱም ዛሬም በፋክስ ይላላካል። ሂፓ የሚባለው የ1996ቱ ሕግ የታካሚን መረጃ በጥንቃቄ ያዙ ይላል እንጂ ፋክስን አይከለክልም።

በዚያ ሳምንት የነርሷን ኮምፒውተር ቀይሬ ነበር። የድሮው በዊንዶውስ 7 ነበር የሚሠራው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጃንዋሪ 14፣ 2020 ስለቆመ የታካሚ መረጃ እዚያ ላይ መቀመጡ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ፕሪንተሩ ግን ያው አሮጌው ነው። ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል፣ ፋክስ ይልካል። ኬብሉን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስሰካ ዊንዶውስ ወዲያው አወቀው። የሙከራ ገጽ አተምኩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። በቃ አለቀ ብዬ ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ።

ያሳሳተኝ ያ ገጽ ነው።

ሲስተር ቅጹን ከፍተው ሊልኩ ሲሉ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ፋክስ የሚባለው የለም። ድራይቨሩን፣ ማለት ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር፣ አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ። ያትማል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። አሁንም ያትማል። እንዲህ ስል ሃያ ደቂቃ ሄደ።

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ ሲስተር፣ «ወረቀቱን አትመን ከማሽኑ ላይ ብንልከውስ?»

ከሁሉም በፊት መሞከር የነበረበት ይኼ ነበር። ማሽኑ ብቻውን ከላከ የስልክ መስመሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ካልላከ ደግሞ ኮምፒውተሩን መነካካቱ ትርፉ ድካም ነው። ለማወቅ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ወረቀቱን ከላይ አስገባንና ቁጥሩን ከነኤሪያ ኮዱ አስሩንም መታሁ። የማሽኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ። ይሄን ልማድ በጣም እወደዋለሁ፤ የፋክስ ድምፅ ብዙ ይናገራል። ደዋዩ ማሽን በየሦስት ሰከንዱ አጭር «ጢጥ» ያሰማል፤ ፋክስ ነኝ ማለቱ ነው። ተቀባዩ ረዘም ባለ ቀጭን ፉጨት ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱ በፍጥነት ይስማሙና ገጹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ እየሻሸ ይሄዳል። የኛው ጢጥ አለ። ፉጨቱ መጣ። ዝናቡ ጀመረ፤ ከዚያ መሀል ላይ ቀጥ አለ። የግንኙነት ስህተት የሚል ወረቀት ወጣ።

ለካ ችግሩ ሁለት ነው። ገመዱን አየሁ፤ «ላይን» የሚለው ቀዳዳ ላይ በትክክል ተሰክቷል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ወር የቢሮው ስልክ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ተዛውሯል። ሰው ሲያወራ ድምፅ ለቅጽበት ቢቆረጥ ጆሯችን ይሞላዋል። ፋክስ መሙላት አይችልም፤ በፍጥነት ሲላክ ደግሞ ይብስበታል። ማሽናችን በሰከንድ 33,600 ቢት ለመላክ ይታገላል። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ወደ 9,600 አወረድኩት። ተበላሽቶ የደረሰውን ክፍል እንደገና የሚያስልከውን ስህተት ማረሚያውንም አጥፉት የሚሉ አሉ። እኔ አልነካሁትም። የመድኃኒት መጠን የተጻፈበት ወረቀት አንድ መስመር ጎድሎት ከሚደርስ ባይደርስ ይሻላል።

ደግመን መታን። ዝናቡ ቀስ እያለ ወረደ። ሲስተር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሦስቱ ገጽ አራት ደቂቃ ያህል ወሰደ፤ ከዚያ «ኦኬ» የሚል ማረጋገጫ ወጣ። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ ጠራ፤ የተፈረመው ቅጽ ተመልሶ መጣ። ሲስተር ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ አንስተው ስልክ ደወሉ። «እማማ፣ አያስቡ፤ ልጅቷ ነገም ትመጣለች» ሲሉ ሰማሁ።

የኮምፒውተሩን ነገር ሰኞ ጠዋት ተረጋግቼ ያዝኩት። ዊንዶውስ በራሱ የጫነው ድራይቨር ለማተም ብቻ ነበር። ፋክሱ የራሱ ድራይቨር አለው፤ ኮምፒውተሩም የሚያየው እንደ ሌላ ፕሪንተር ነው። የሚገኘው ለዚያው ሞዴል በተሠራው ሙሉ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ለአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚሆን የፋክስ ድራይቨር አይገኝም፤ ያኔ ያለው ምርጫ አርብ እንዳደረግነው አትሞ ከማሽኑ መላክ ነው። የኛው ተገኘ። ጫንኩት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ስም ሆነ።

ሲስተር የመጀመሪያውን ፋክስ ከጠረጴዛቸው ላኩ። ከዚያ ተነስተው ማሽኑ ጋ ሄዱና ማረጋገጫው እስኪወጣ አብረን ቆመን ጠበቅን።